የዓይን ብርሃን በእርጅና ሲደክም
በደብራችን የ50ኛ ዓመት በዓል የተሰጠ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ደብራችን ያለፉት 50 ዓመታት ጥቂት ቃል እንድናገር ጠይቀውኛል። ታሪኩን ግን ከእኔ የሚሻሉ ሊቃውንት በሚገባ ጽፈውታልና፣ እኔ ከእነዚያ ዓመታት ፍሬ አንዱን ብቻ አንሥቼ እናገራለሁ፤ ይኸውም አብረን የቈየን ሁሉ ማርጀታችን፣ ዓይናችንም መድከሙ ነው።

ይህ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይና ጭቃ ያመላለሱት ጐልማሶች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከቅዳሴ እየራቁ መሄዳቸውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ጕልበቴ ደከመ» ይላሉ። ጠጋ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው ግን ደረጃው እንደማይታያቸው፣ በደጀ ሰላሙ ጫማቸውን ከሌላው ጫማ መለየት እንዳቃታቸው፣ ከሁሉም ይልቅ የወዳጅን ፊት ሳይለዩ በማለፋቸው «ኰራብን» ተብለው መታማታቸውን ይነግሩታል። እንግዲህ ንግግሬ ስለ ዓይን ቢሆንም ጉዳዩ የማኅበራችን ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውን አነጋገር እንመርምረው። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ብዙ ሰው ያለ በቂ ምክንያት በጨለማ ያስቀመጠ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በሙሉ በተጀመረው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑ፣ ከዓይነ ስውራኑም ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ መሆኑ ታውቋል። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ጥሩ መስታወት የመሰለ ሌንስ መደፍረሱ ነው፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። በጥንት ዘመን ባለ መድኃኒቶች የደፈረሰውን ሌንስ በመርፌ ገፍተው ወደ ዓይን ውስጥ ይጥሉት ነበር፤ ብዙ ዓይንም በዚህ ጠፍቷል። በ1942 ዓ.ም. ግን ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሎንዶን ከተማ ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አኖረ። ሐሳቡም የመጣለት በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ያ ስብርባሪ ዓይናቸውን ሳያስቈጣ ተቀምጦ በማግኘቱ ነው። ዛሬ ይህ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርም፣ በጅማም፣ በሌላም ስፍራ ይሠራል።

ግላኮማ የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ በቀስታ የሚሠራ ነው። ከዓይን ወደ አንጐል የሚሄደውን ነርቭ እየጐዳ በመጀመሪያ ዳር ዳሩን ያጠፋል፤ የጠፋውም አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ በሚጨመር ጠብታ ማቈየት ይቻላል። የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው፣ ምንም እንኳ ዓይኑን ባያመው፣ በየዓመቱ ይመርመር።

በዚህ ነገር አባቶቻችን ካህናትን በትሕትና የምለምነው አለኝ። ሕዝቡ ለጠበል የመጣ ጊዜ ከሐኪም ቃል ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማል። አንድ ሽማግሌ «ጠበል ስለ ጀመርሁ ጠብታውን ትቻለሁ» ቢላችሁ፣ ሁለቱን አብሮ እንዲይዝ ንገሩት፤ ጠብታው የተቋረጠበት ወራት በዓይኑ ላይ የሚያጠፋው አይመለስምና። ዓይኑን በቅርብ ጊዜ የተቀደደ ሰው ቢመጣም ሐኪሙ የወሰነለት ቀን እስኪፈጸም ድረስ ውኃ በዓይኑ እንዳይገባ፣ ጠበሉን ከአንገቱ በታች ብታደርጉለት ወይም እንዲጠጣው ብትሰጡት መልካም ነው። ቍስሉ ሳይሽር የገባ ውኃ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ፊደል ማየት መቸገር ግን በሽታ አይደለም። የሌንሱ መድረቅ ነው፤ መድኃኒቱም የንባብ መነጽር ነው። በቤተ ክርስቲያን መካከል መነጽርን ማንሣት እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጆርዳኖ የተባለ መነኩሴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1306 በፍሎሬንስ ከተማ ሲሰብክ፣ የመነጽር ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ጠቅሶ ይህን ጥበብ አመስግኗል። በመንገድ ዳር የሚሸጠው መነጽር ለንባብ ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን መነጽር ሻጩ ግላኮማን አይመረምርምና፣ እርሱን መግዛት ምርመራን አይተካም።

አሁን ወደማይመለሰው እንሂድ። እኔ 76 ዓመቴ ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ ማኩላ በምትባለው፣ ፊደልንና የሰውን ፊት በምንለይባት ትንሽ ስፍራ ላይ ተጐድተዋል። ይህ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁ ዓይነት በቀስታ የሚሄድ ሲሆን የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት የለውም፤ የእኔም ይኸው ነው። እርጥቡ ግን በዓይን ውስጥ ደምና ፈሳሽ የሚያፈስ በመሆኑ በሳምንታት ውስጥ ብዙ ያጠፋል፤ ቶሎ የደረሰ ሰው በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የበሩን መቃን ተመልከቱ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን እንዲሁ። ቀጥ ያለው መቃን የጐበጠ ወይም የተሰበረ ሆኖ ከታያችሁ ሳምንት አትቈዩ። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ይህ በሽታ አብልጦ እንደሚያገኘውም ልጆቻችሁ ይወቁት።

ወደ ሰው ፊት ስመለከት ፊቱ ያለበት ስፍራ እንደ ጉም ይሆንብኛል፤ የነጠላው ጥለት ግን በግልጥ ይታየኛል። በዚህ ምክንያት ከምፈልገው ነገር ጥቂት ወደ ጐን ማየትን ተማርሁ፤ በዳር ያለው የዓይን ክፍል ደኅና ነውና። ስናነጋግራችሁ ከትከሻችሁ በላይ የምንመለከት ብንመስላችሁ ሌላ ሰው ፈልገን አይደለም፤ እናንተኑ ማየታችን ነው።

ከመርጃዎች ሁሉ የሚቀድመው ብርሃን ነው። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ይደርስ ከነበረው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። መብራቱን ትልቅ ከማድረግ ይልቅ ማቅረብ ይሻላል፤ አንዲትን አምፖል ወደ ገጹ በእጥፍ ብታቀርቧት በገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። መብራቱ በትከሻችሁ በኩል ይምጣ እንጂ ከፊት ለፊት ዓይናችሁን አይምታ። በቀን ሲሆን ጀርባችሁን ለመስኮት ስጡ።

ሁለተኛው አጕሊ መስታወት ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል። ምክንያቱ አያያዙ ነው፤ ከገጹ ላይ አርቆ ክንዱን ዘርግቶ ይይዘዋል። አጕሊውን ወደ ዓይን አስጠግቶ፣ ገጹን ወደ አጕሊው ማምጣት ይገባል። ኀይሉ በበረታ መጠን የሚታየው ስፍራ እንደሚጠብ ደግሞ እወቁ፤ ስለዚህ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ያዙ። መስመር የሚጠፋበት ሰው በጥቍር ካርቶን ላይ አንድ መስመር የሚያሳይ ቀዳዳ ቀድዶ በገጹ ላይ እያንሸራተተ ያንብብ። ይህ ዋጋ የለውም፤ እኔን ግን ከመነጽሬ ይልቅ ጠቅሞኛል። የልጅ ልጆቻችሁም የእጅ ስልካችሁን ፊደል እንዲያተልቁላችሁ፣ ካሜራውንም እንደ አጕሊ መስታወት እንዲያስለምዷችሁ ጠይቋቸው። ለማንበብ የደከመ ሰው ደግሞ ተቀርጾ የሚገኘውን ንባብ ይስማ። በአገራችን ብርሃናቸው ከጠፋ በኋላ ዜማና ቅኔ በቃላቸው ያስተማሩ መምህራን ብዙዎች ናቸውና በጆሮ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልጨምር። «ሉ»ንና «ሊ»ን የሚለያያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ከእግሩ መካከል ወይም ከእግሩ ግርጌ መሆኗ ብቻ ነው፤ «ሌ»ንም የምትለየው ትንሽ ቀለበት ናት። ዓይኑ የደከመ ሰው የፊደሉን አካል አይቶ ጭረቱን ሲያጣ ቃሉ ይለወጥበታል። ስለዚህ በአማርኛ ለሽማግሌ የሚታተም ጽሑፍ ወፈር ብሎና ተልቆ መታተም ይገባዋል፤ ጥቍር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ሆኖ፣ ከሥሩም ሥዕል ሳይኖር። ቀይ ቀለም ለቅዱስ ስም ክብር መሆኑን አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ በመዝሙር ወረቀት ላይ ግን ሙሉውን ስንኝ በቀይ ማተም ለእኛ ባዶ ወረቀት መስጠት ነው። ይህ ቃሌ በመታሰቢያው መጽሔት እንደሚታተም ተነግሮኛልና፣ በምን ያህል ፊደል እንደሚያትሙት እናያለን፤ ማየት ከቻልን።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቀለምን ከቀለም ማለያየት ነው። ቡና በነጭ ስኒ ይታያል፤ ወተት በነጭ ብርጭቆ አይታይም። የብር ኖቶችን እቤት ሳላችሁ ለይታችሁ እጠፉ፤ 50ው ሳይታጠፍ፣ 100ው አንድ ጊዜ፣ 200ው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመጥ፤ በገበያ በእጃችሁ ትለዩታላችሁ። በጠብታው ብልቃጥ ላይ አንድ ላስቲክ፣ በሌላው ላይ ሁለት እሰሩ። ሁሉም ዕቃ ስፍራ ይኑረው፤ የቤት ልጆችም ወንበር አንሥተው የትም አይተዉ። ጧፍ ስታበሩ ነጠላችሁን ከደረታችሁ ሰብስቡ፤ ነበልባሉን የሚያይ ዓይን የነጠላውን ጫፍ አያይምና።

አሁን ብዙዎች በፍርሃት የሚሸሽጉትን ልናገር። ብርሃኑ እጅግ የደከመ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሌለውን ያያል፤ ትንንሽ ሰዎች፣ ልጆች፣ አበባ፣ ጌጠኛ ግድግዳ። ድምፅ አያሰሙም፤ ሰውየውም አእምሮው ደኅና ሆኖ፣ የሚያየው እውነት እንዳልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ሻርል ቦኔ የተባለ የጄኔቫ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1760 ይህን የጻፈው በገዛ አያቱ ላይ አይቶ ነው፤ አያቱ 89 ዓመት የሆናቸው፣ አእምሯቸው ግን የተሟላ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩም ዓይን ሥራውን ሲያጐድል አንጐል በራሱ ሥዕል ሲሥል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቢመጣ ርኩስ መንፈስ ይዞታል፣ አብዷልም አይባል። «ይህ በብዙ ሽማግሌዎች የሚደርስ ነው» የሚለው ቃል ብቻ ግማሹን ሸክም ያወርድለታል፤ ከዚያም ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። ድምፅ ከሰማ ወይም የሚያየውን እውነት ነው ካለ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና ይህም ለሐኪም ይነገር።

በመጨረሻ ስለ እናንተ ስለ ደኅነኞቹ። ሰላምታ ስትሰጡን ስማችሁን ተናገሩ፤ «ማን ነኝ? እስቲ እወቀኝ» እያላችሁ አትፈትኑን። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ድምፁን ትቶ የዳሰሰውን በማመኑ ምን እንደ ደረሰበት ታውቃላችሁ፤ እኛ ድምፃችሁን እናምናለንና ስጡን። ስትመሩን ክንዳችንን ይዛችሁ አትግፉን፤ ክንዳችሁን ስጡን፣ እኛው ይዘን በግማሽ እርምጃ እንከተላለን። ስትለዩን «ሄድሁ» በሉ፤ ሰው በሌለበት መናገር ያሳፍራል። አባቶችም መስቀል ስታሳልሙን ከግንባራችን አስጠግታችሁ ብትይዙልን በአየር ላይ አንፈልገውም። ነጭ በትር የያዘ ሰው ብታዩ ደግሞ ምንነቱን እወቁ፤ በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የብሪስቶሉ ጄምስ ቢግስ፣ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ፣ መኪና ነጂዎች እንዲያዩት በትሩን ነጭ ቀለም ቀባ። መቋሚያ ለመደገፍ ነው፤ ነጭ በትር ግን መንገድ ለመዳሰስና ለመታየት ነውና አንዱ ሌላውን አይተካም። እንዲይዙት የሚያፍሩ ወንድሞቼን አልወቅስም፤ እኔም በጨለማ ብቻ እይዘው ነበር፣ አሁን በቀን እይዘዋለሁ።

ለጫማ ነገር በደጀ ሰላሙ በስተቀኝ አንዲት መደርደሪያ ለሽማግሌዎች ትለይ፤ እያንዳንዱም በጫማው ላይ የራሱን ቀለም ክር ይሰር። የምዕራቡ በር ደረጃ ሰባት ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለ ሆነ ከላይ ሲወርዱት ሜዳ ይመስላል። በየደረጃው ጫፍ ላይ አራት ጣት የሚያህል ቢጫ መስመር ቢቀባ ወዴት እንደምንረግጥ እናውቃለን። ስለ ዋጋው ሰበካ ጉባኤው እንዳይጨነቅ ጠይቄአለሁ፤ አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃል፣ እርሱንም እኔ ገዝቼአለሁ። ቅዳሜ ከጥዋቱ በ2 ሰዓት ብሩሽ የሚይዙ ሁለት ወጣቶች ብቻ እሻለሁ፤ የመስመሩን ቀጥ ማለት እኔ ልመሰክር አልችልምና።