ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች ያለን አስተያየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በተከበረ ቀን ሌሎች ተማሪዎች ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ዛፍ ተከላ ሲናገሩ ሰምተናል። የእኛ ርእስ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ይኸውም ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ነው። ርእሱን ለምነን ነው ያገኘነው። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሲነገር የሰማነው አብዛኛውን ጊዜ ጆይስቲክ በእጃቸው ጨብጠው ከማያውቁ ሰዎች ስለሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ተጫዋቾቹ ቢናገሩ መልካም ነው ብለን አሰብን። የሚመሰገነውን እናመሰግናለን፤ የሚነቀፈውንም እንነቅፋለን፤ ራሳችንንም ጭምር።

አራዳ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታ ሰፈር እንደሆነ ከእኛ ይልቅ አባቶቻችን ያውቃሉ። እነርሱ በፒያሳ ከረንቦላ ሲመታ እያዩ፣ በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር ደጃፍ ተሰልፈው፣ በየመንደሩም ጆተኒ ሲንኳኳ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። እኛ የደረስንበት ደግሞ የፕሌይስቴሽን ቤት ዘመን ነው። ላላያችሁት እንግለጽላችሁ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ በበሩ ላይ መጋረጃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከያንዳንዱም ፊት አንድ አግዳሚ ወንበር። ሒሳቡ በጨዋታ ነው። የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ከወንበሩ አይነሣም። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ ልጅ ምንም ሳይከፍል ሲጫወት ይውላል፤ ሰነፉ ግን የምሳውን ገንዘብ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። በጨዋታው መካከል መብራት ቢጠፋ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ከሁሉ የሚበልጠው የእግር ኳሱ ነው። ፊፋ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ ቆይቶ በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሎ ተለወጠ። ተቀናቃኙም የጃፓኖቹ የኮናሚ ፔስ ነው፤ እርሱም በ2021 ኢፉትቦል ተባለ። ታላላቅ ወንድሞቻችን በፔስ ስለ ተማሩ እስከ አሁን ይምላሉበታል፤ እውነቱን ለመናገር በቅብብል ረገድ ትክክል ናቸው። ፊፋ በልብሱ፣ በስታዲዮሙና በጩኸቱ ያሸንፋል። ነገር ግን ስሙ ቢለወጥም የዘንድሮው ከአምናው የሚለይበትን ፈልገን ያጣንበት ዓመት ብዙ ነው፤ ፈረንጆቹ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሸጡታል።

ሁለት ነገር ደግሞ ቅር ይለናል። አንደኛው፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች ቡድኖች ሳይቀሩ ሲገኙ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰፈራችን ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ የለም። ኢትዮጵያ ቡናም የለም። አንድ የአራዳ ልጅ ስለ አርሴናል ተከላካዮች ቁመት ሳይቀር ሲተነትን ትሰሙና የጊዮርጊስን በረኛ ስም ብትጠይቁት ያፍራል። ሁለተኛው፣ ውስጡ የተደበቀው ቁማር ነው። ተጫዋቹ በገንዘብ የታሸገ ካርታ ይገዛል፤ በውስጡ ታላቅ ተጫዋች ይሁን ተራ ሰው ሳይከፍተው አያውቅም። የቤልጅግ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ነገር ቁማር ነው ብሎ ስለ ፈረደ፣ ኩባንያው በ2019 በዚያ አገር ለዚህ የሚሆነውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። ቶምቦላ እንኳ ዕጣው ስንት እንደሆነ ይነግራል።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በተመለከተ ወላጆች የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጨዋታ በአውሮፓ ሲሸጥ በሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር ታትሞበታል፤ እኛ ግን በ10 ዓመታችን ተጫወትነው። መኪና እንቀማለን፣ ከፖሊስ እንሸሻለን፣ ምስጢራዊውን ቍልፍ ነክተን ታንክ እናወርዳለን፤ ከዚህ ሌላ የምናውቀው አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ከመካከላችን በእንግሊዝኛ የሚበልጠን ልጅ ታሪኩን ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲከተል፣ ነገሩ ሁሉ እናቱ ተገድላ ለቀብሯ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ሰው ታሪክ ሆኖ አገኘው። በጣም አፈርን። ለዓመታት በአንድ ሰው ኀዘን ላይ መኪና ስንነዳ ኖረናል። ለታናናሾቻችን ግን ዛሬም አንመክረውም።

በስልክ የሚጫወቱት የጠመንጃ ጨዋታዎች፣ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ፣ አሠራራቸው አንድ ነው። በፍሪ ፋየር 50፣ በፐብጂ 100 ሰው በጃንጥላ ወደ አንድ ደሴት ይወርዳል፤ መሣሪያውን ከየቤቱ ለቅሞ እርስ በርሱ ይጋደላል፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። ልብ የሚያንጠለጥል ነው፤ ይህን አንክድም። የኢንተርኔት ጥቅላችንንም የሚበላው እርሱ ነው። ሆኖም ከጓደኞቻችን አንዱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ከቤተሰቡ ጋራ ከደሴ ሸሽቶ የመጣ ነው። እኛ ስንጀምር እርሱ ተነሥቶ ይወጣል። መጀመሪያ ፈሪ ነው ብለን ሳቅንበት። አንድ ቀን ‹‹ድምፁን ቀንሱት›› አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ እርሱ ባለበት አንጫወተውም።

ቴትሪስ የሚባለውን አሮጌ ጨዋታ ታናናሾቻችን ይንቁታል፤ እኛ ግን ከሁሉ እናስበልጠዋለን። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሩሲያዊ በ1984 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ሠራው። አንድም ቃል እንግሊዝኛ አይጠይቅም፣ ደም የለበትም፣ የሚገዛ ካርታም የለውም፤ የሚወድቀውን ጡብ መደርደር ብቻ ነው። ከኛም አገር ቀኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኩኩሉ አለ። ዶሮዪቱ ከገበሬው ስትሸሽ በአገራችን መልክ በተሠራ መንገድ ላይ ትሮጣለች። ባየነው ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሩጫው ስለማያልቅ ሰለቸን። የኛ ስለሆነ ብቻ አይሰለችም ብንላችሁ ዋሽተን ነበር። ከኛ መካከል ፕሮግራም የሚማሩ አሉና የገበጣን ብልኀት የሚተካከል ነገር እንዲሠሩ እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። በ9ኛ ክፍል ሳለን ከትምህርት ሰዓት እየቀረን እንጫወት ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከመካከላችን የአንዱ አባት መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጀርባችንን ሰጥተን ስለነበር አላየናቸውም። ጨዋታው እስኪያልቅ ከኋላችን ቆመው ተመለከቱ። ልጃቸው 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከኪሳቸው አውጥተው ዕዳውን ለባለቤቱ ከፈሉና ‹‹ና፣ እንሂድ›› አሉት። ቢቈጡን ይሻለን ነበር። እስከ ራስ መኰንን ድልድይ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ግን ‹‹ሦስተኛው ጎል እንዴት ገባብህ?›› ብለው ጠየቁት። ልጁ ይህን ሲነግረን ዛሬም ይስቃል። በዚያ ቀን ግን እንዳለቀሰ እናውቃለን፤ የተጫወተበት ገንዘብ የመጽሐፍ መግዣ ነበርና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከጨዋታ መለየት አለመቻልን አስገብቶታል። ይህ የሚባለው አንድ ሰው ራሱን መግታት አቅቶት፣ ትምህርቱና ኑሮው እየተበላሸ፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ሲቈይ ነው። ወላጆች ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ የተጫወተ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። እኛ ግን በዚያ ዓመት ወደዚያው መንገድ ገብተን ነበር፤ የሒሳብ መምህራችን ይመሰክራሉ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያ የጨዋታ ቤት አብሮ ፈረሰ። ከአምስታችን የሦስቱ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። አንዱ ወደ ቦሌ አራብሳ ስለሄደ ትምህርት ቤቱንም ለወጠ። አሁን ከእርሱ ጋራ የምንጫወተው ማታ በስልክ ነው። ድምፁን እንሰማለን፣ ይሰድበናል፣ እንሰድበዋለን። ጨዋታው ያው ነው፤ ምስሉም ከድሮው የተሻለ ነው። ነገር ግን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ሳለን ሲሸነፍ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እናይ ነበር፤ ይህን ስልኩ አያሳየንም።

ዛሬ ለበዓሉ ተጋብዞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ያ ድልድይ ላይ የጠየቁት አባትም መጥተዋል። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ይዘጋጃል። የተሸነፈ አይከፍልም። የመጀመሪያው ጨዋታ በእነርሱ በሁለቱ መካከል ነው።