ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስንገዛ፤ ስንሸጥም
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



  የዛሬው ርዕሳችን ከተለመደው ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ስለ ሞተር ሳይክል ልንነጋገር ነው። «ለሞተር ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ዓመት ሙሉ እቁብ ጥሎ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ሲወጣ፣ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የአባወራው ሕይወትም በዚያ እቃ ላይ ይሳፈራል። ሻጩም ቢሆን በአላህ ፊት የሚጠየቅበት ቃል አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ የገበያ ብቻ ሳይሆን የአማናም ጉዳይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የማስተምረው ደሴ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ በሃረጎ በኩል 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በ2009 ዓ.ም. በታክሲ ሰልፍ መሰላቸቴን ያየችው ባለቤቴ እቁቧ ሲደርሳት ገንዘቡን አምጥታ «ሞተር ግዛበት» አለችኝ። እኔም በደላላ በኩል አንድ 150 ሲሲ ሞተር አገኘሁ። ልናየው ስንደርስ ሻጩ አስነስቶ ሲያሞቀው አገኘነው። ድምፁ ጸጥ ያለ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘይት አስቀየርኩ። በማግስቱ ከሞተሩ ሆድ «ኳ! ኳ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መካኒኩ አዳምጦ «የቤላው ኩሽኔታ አልቋል። ድምፁን አፍኖት የነበረው ወፍራም ዘይት ነው» አለኝ። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ ከገዛሁበት ዋጋ ሲሶውን ያህላል። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ግን ከወቀሳ የባሰ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ሞተሩን ከማየታችን በፊት መንገዳችንን እንይ። ሜዳ በሆነ ከተማ ውስጥ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ለሚመላለስና ብቻውን ለሚሄድ ሰው 100 ሲሲ ይበቃዋል። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ዳገት ለሚወጣ ወይም ሰው ለሚያፈናጥጥ ግን ከ125 እስከ 150 ሲሲ ይሻለዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። እንደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል ማለት ይቻላል። ትንሽ ሞተር በየቀኑ ሙሉ ጋዝ ተይዞበት ዳገት ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

ሁለተኛው የሞተሩ ዓይነት ነው። በመሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ጨረታ የሚወጡት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉት ባለ ሁለት ምት ናቸው። ቅባታቸው ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጠንካሮችና ለመጠገን ቀላል ናቸው። ነገር ግን ነዳጅ ይበላሉ፤ ዘይት ሁልጊዜ መግዛት ይጠይቃሉ፤ እድሜያቸውም የገፋ ነው። እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ ያሉት የህንድ ሞተሮች ባለ አራት ምት ስለሆኑ ነዳጅ ይቆጥባሉ። ከመወሰናችሁ በፊት በከተማችሁ ወዳሉ ሁለት ሦስት የመለዋወጫ ሱቆች ጎራ ብላችሁ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ካቴና ዋጋ ጠይቁ። መለዋወጫው በአቅራቢያችሁ የሌለ ሞተር በርካሽ ቢገዛም ርካሽ አይደለም።

የነዳጁንም ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩት። ለምሳሌ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ቢሆን፣ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሰው 1.25 ሊትር ይፈልጋል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 27.5 ሊትር ይመጣል። ይህን በጊዜው ዋጋ አባዝታችሁ፣ የዘይትና የጎማ ጨምራችሁ፣ አሁን ለታክሲ ከምታወጡት ጋር አወዳድሩት።

ገንዘባችሁንም ሁሉንም ለሞተሩ አታውሉት። አምስት እጅ ብታደርጉት አራቱን ለግዢ፣ አንዱን ደግሞ ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለሄልሜትና ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ። የጎደለውን ለመሙላት ወደ ወለድ ብድር ከመሮጥ እቁብን መጠበቅ፣ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመሩትን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ማማከር ይቻላል።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። ሻጩን «ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ የሞተሩን አካል በጥንቃቄ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ምክንያቱን ጠይቁ፤ ወይም ሌላ ቀን ተመለሱ። የደከመ ሞተር ጠዋት በብርድ ለመነሳት ያስቸግራል፤ ሲሞቅ ግን ችግሩን ይደብቃል። ዘይቱንም አውጥታችሁ በጣታችሁ ፈትጉት። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ከመጠን በላይ የወፈረ ከሆነ የእኔን ታሪክ አስታውሱ።

አስነሱትና ከኋላ ቆማችሁ ማርሚታውን ተመልከቱ። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥገና ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ በካርቡሬተር ማስተካከያ ይድናል። በባለ ሁለት ምት ላይ ግን ቀለል ያለ ሰማያዊ ጭስ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ቀጥሎ አካሉን ፈትሹ። በመሪው አንገት ሥር ያለውን ብረት በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም እዚያ ቦታ ብቻ አዲስ የተቀባ ቀለም ካለ ሞተሩ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ተቀምጣችሁ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ተመልከቱ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ተጫኑት፤ ሾኩ በዝግታ መመለስ አለበት፤ ዘይትም ማፍሰስ የለበትም። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ተላቆ ብዙ ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ከጎበጡ፣ ካቴናና ጥርስ አንድ ላይ መቀየር ሊኖርባቸው ነውና ዋጋውን ከሒሳቡ ቀንሱ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አትመኑት፤ ሽቦውን መንቀል ቀላል ነው። ይልቅ የእግር መርገጫውን ጎማና የማርሽ ፔዳሉን እዩ። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ መርገጫው ተልጦ ካለቀ አንዱ ዋሽቷል። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። 2319 የሚል ከሆነ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ በዝናብ ያንሸራትታል።

ከዚያ ንዱት፤ እናንተ ካልቻላችሁ የምታምኑት መካኒክ ይንዳው። በዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ጋዝ ሲሰጠው ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቀጥ ባለ መንገድ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይገዛም።

ወረቀቱ ደግሞ ከብረቱ አያንስም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአካሉ ላይ ከተመታው ጋር በቁጥር በቁጥር ይመሳከር። የተፋቀ ቁጥር ያለውን ሞተር በምንም ዋጋ አትግዙ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከእዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ውሉን በሕግ ፊት ፈጽሙ፤ ስሙንም ወዲያው አዛውሩ። በውክልና ብቻ እየነዱ ዓመታት መቆየት በኋላ የሁለቱን ቤተሰብ ሰላም ይነሳል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ተጥሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለግል ምልልስ የሚጠየቀውን ፈቃድ ከሚመለከተው ቢሮ ጠይቁ።

እህቶቻችንንም አንርሳ። ከኋላ በጎን የምትቀመጥ እህት ጂልባብ ወይም ነጠላ በኋላ ጎማው ውስጥ ሊጠመጠም ይችላል። በህንድ አገር ሳሪ ለለበሱ ሴቶች ተብሎ ከኋላ ጎማው ጎን የሚገጠም የሽቦ መከለያ አለ። የምትገዙት ሞተር ይህ ከሌለው ብረት ሠራተኛ ጋ ወስዳችሁ አሠሩለት። ልብሷም ተሰብስቦ ይቀመጥ። ሄልሜትም ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለተፈናጣጩም ይገዛ።

አሁን ወደ ሁለተኛው የታሪኬ ክፍል ልምጣ፤ ይህኛው ለመናገር ይከብደኛል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሃረጎ ላይ አንሸራትቶኝ ወደቅሁ። እኔን አላህ አተረፈኝ፤ የሞተሩ አንገት ግን ተሰነጠቀ። አስበይጄ፣ ቀለም አስቀብቼ ቀስ እያልኩ ነዳሁት። በ2014 ዓ.ም. ልሸጠው አወጣሁ። አንድ ወጣት መጣ። እናቱን ለሕክምና የሚያመላልስበት እንደሚፈልግ ነገረኝ። አይቶ ወደደው። ደላላው በጎን «ቀለም ተቀብቷል፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ዝም አልኩና ቀብድ ተቀበልኩ።

ማታ ባለቤቴ «ብየዳውን ነገርከው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልጠየቀኝም» አልኳት። እሷም «እኛም ያኔ ስለ ዘይቱ አልጠየቅንም ነበር» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ሥሩን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ባላቸው ጊዜም ሰው እንዲያየው ለምን ወደ ላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ለስንት ተማሪ አውርቼ ነበር! የእኔ ቀለም ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል?

በማግስቱ ወጣቱን ጠርቼ ቀለሙን ፍቄ ብየዳውን አሳየሁት። ቀብዱንም መለስኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሊቆጣም ይገባው ነበር። ሞተሩን ከብዙ ቀናት በኋላ ለአንድ መካኒክ፣ አካሉ እንዳይነዳ ነግሬ፣ ለመለዋወጫው ብቻ ካሰብኩት ዋጋ ከግማሽ በታች ሸጥኩት። ከሳምንታት በኋላ ያ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሌላ ሞተር አግኝቻለሁ፤ መጥተህ ታይልኛለህ?» አለኝ። ሄድኩ። ሞተሩን ጠዋት በብርዱ አስነሳነው፤ ዘይቱን በጣታችን ፈተግነው፤ አንገቱንም አበራንበት። ደህና ነበር፤ ገዛው።

ውድ አድማጮች፣ ገዢ ስንሆን ዓይናችንን እንክፈት። ሻጭ ስንሆን ደግሞ አፋችንን እንክፈት፤ ገዢው ባይጠይቅም ነውሩን እንንገረው። በተደበቀ ነውር የተገኘ ትርፍ ቤት ቢገባም በረካ የለውም። የምትገዙትን አላህ የኸይር መመላለሻ ያድርግላችሁ።