ደንብ ለሁሉ እኩል ሲሆን ይከበራል
(ስለ ከተማ ጽዳትና ስለ ምርጫ ማስታወቂያ አለጣጠፍ ለነዋሪዎችና ለሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁበት ጉዳይ ሁለት ይመስላል። አንደኛው ባልተፈቀደ ስፍራ ስለሚደፋ ጥራጊ፣ ሁለተኛው ያለ ሥርዓት ስለሚለጠፍ የምርጫ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የሁሉ የሆነውን ስፍራ እንደ ግል ርስት መቍጠር ነው።

በሌሊት ጥራጊውን በማዳበሪያ አሥሮ ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው ቤቱን ያጸዳ ይመስለዋል። ክረምት ሲገባ ግን ቦዩ ይደፈንና ጎርፉ ከታች ባለው ድኻ ቤት ይገባል። የጣለው አንድ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት ነገሩ ለጎረቤት ይሉኝታ ብቻ አይተውም፤ ደንብ ያስፈልገዋል።

ቸልታ የት እንደሚያደርስ በአዲስ አበባ አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አጠገብ አዲስ የጥራጊ ማስወገጃ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙት ግን በዚያው ዓመት ተቋረጠና ጥራጊው ወደ ቀድሞው ስፍራ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካምፓላ የኪቴዚ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዓይናችን ያራቅነው ጥራጊ ከሌላ ሰው ደጃፍ መድረሱን ይህ ያስረዳል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በመንገድና በውሃ መውረጃ ጥራጊ መጣልን ሲከለክል፣ የከተማ አስተዳደሮችም በመንገድ ዳር የጥራጊ ማጠራቀሚያ እንዲያኖሩና ሞልቶ ሳይፈስ እንዲያስነሡ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። እንግዲህ ግዴታው የሁለት ወገን ነው። ሹም ማጠራቀሚያውን ሳያኖር፣ ጋሪውንም ሳይልክ ቅጣት ቢያስከፍል፣ ሕዝቡ ቅጣቱን እንደ ግብር እንጂ እንደ ፍርድ አያየውም።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። በምርጫ ወራት የዕጩ ሥዕል በመብራት ምሰሶ፣ በትምህርት ቤት አጥርና ባለቤቱ ባልፈቀደው ግድግዳ ሲለጠፍ እናያለን። ዝናብ ሲያረጥበው ወድቆ ያንኑ ቦይ ይደፍናል። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ማስታወቂያ ጥራጊ አይደለም፤ አሳብን የመግለጽ ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጠብቋል። ስለዚህ የደንብ አስከባሪ ሥራ ጽሑፉን መመርመር ሳይሆን ስፍራውን፣ መጠኑን፣ ጊዜውንና ከምርጫው በኋላ በለጠፈው ወገን መነሣቱን መመልከት ነው።

ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። የተቃዋሚው ወረቀት በማለዳ ተልጦ፣ የገዢው ፓርቲ ሸራ በዚያው ምሰሶ ላይ ወር ሙሉ ቢሰቀል፣ ያን ጊዜ የፈረሰው ደንቡ ራሱ ነው። እንዲሁም የጉልት ነጋዴዋ ስለ አንድ ቅርጫት ልጣጭ ተቀጥታ፣ የሕንፃ ባለቤቱ አንድ መኪና ፍርስራሽ በወንዝ ዳር ገልብጦ ዝም ቢባል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይታዘዝም።

ስለዚህ አስከባሪዎችን የምንለምነው፣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስጠንቅቁ፤ የሚነሣበትን ቀን ወስኑ፤ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር እንኳ አትቀበሉ፤ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበትን ስፍራ አመልክቱ። ነዋሪዎችም የጣለውን ስታዩ ለማዘጋጃ ቤት አስታውቁ እንጂ በጠብ አትያዙ፤ ያልወደዳችሁትንም ማስታወቂያ በገዛ እጃችሁ አትቅደዱ።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ውሃው የሚቆመው ግን ቃሉ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ሲነገር ነው። ይህን አደራ ለእናንተም ለእኛም ትቼ ንግግሬን እፈጽማለሁ።