ቀድሞ ተቀርጾ ስድስተኛ የታየው ክፍል

«ሎው ኤንድ ኦርደር» የተሰኘው የአሜሪካ የፖሊስና የፍርድ ቤት ተከታታይ ድራማ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 13 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ነው። የሙከራ ክፍሉ ግን በ1988 ለሲቢኤስ ተቀርጾ ነበር። ሲቢኤስ ሳይቀበለው ቀረ፤ ኤንቢሲ ደግሞ ኦክቶበር 30 ቀን 1990 በስድስተኛ ተራ አሳየው።

ታሪኩ የሚነሳው በኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ላይ ከተፈጸመ ጥቃት ነው። መርማሪዎቹ ማክስ ግሪቪና ማይክ ሎጋን ነገሩን ሲከታተሉት ከከተማው ሙስናና ከማፍያ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ መዝገቡን ዐቃቤ ሕጎቹ ቤን ስቶንና ፖል ሮቢኔት ይረከባሉ።

የድራማው ፈጣሪ ዲክ ዎልፍ የመረጠው አወቃቀር ከዚህ ክፍል ጀምሮ ይታያል፦ የመጀመሪያው አጋማሽ ለምርመራ፣ ሁለተኛው ለክስ ሂደት። በዚህም ተመልካቹ አንድ መሠረታዊ እውነት ይገነዘባል፤ ተጠርጣሪን መያዝ የፍትሕ መጨረሻ አይደለም፤ ጥፋቱ በፍርድ ቤት በማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

በሙከራ ክፍሉ የዐቃቤ ሕጎቹን አለቃ የተጫወተው ሮይ ቲነስ ነበር። በተከታታዩ ግን ስቲቨን ሂል አዳም ሺፍ የተባለ አዲስ አለቃ ሆኖ ተተካ።