በነፃ የተሰጠ መሬት ስንት ያወጣል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሒሳብ ክፍሉ ተራ ነው። ወደ ገቢና ወጪው ከመግባታችን በፊት የአንድ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ እንነግራችኋለን። ቤተሰቡ የሩቅ አገር ነው፤ ሒሳቡ ግን እኛንም ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1862 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን አንድ የመሬት ሕግ ፈረሙ። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት መውሰድ ቻለ። ክፍያው ከምዝገባ እስከ መጨረሻው ማረጋገጫ 18 ዶላር ገደማ ነበር። ግዴታው ቤት መሥራት፣ ማረስና አምስት ዓመት እዚያው መኖር ነው። ያላገባች ሴትም ሆነች ባሏ የሞተባት በስሟ መመዝገብ ትችል ነበር። ከባሏ ጋር የምትኖር ሴት ግን የቤተሰብ ኃላፊ ስለማትባል መሬቱ የሚመዘገበው በባሏ ስም ነበር።

ወደ ምዕራብ ከተጓዙት ገበሬዎች መካከል የቻርልስና የካሮላይን ኢንግልስ ቤተሰብ ይገኝበታል። ታሪካቸው የታወቀው ልጃቸው ላውራ በኋላ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ነው። በሸራ በተሸፈነ ጋሪ ከዊስኮንሲን ተነሥተው ካንሳስ ሰፈሩ። የሰፈሩበት መሬት ግን የኦሴጅ ሕዝብ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1871 ለቀው ተመለሱ። የምዕራቡ መሬት ሁሉ ቀድሞ ባለቤት ነበረው። ለሰፋሪው በነፃ የተሰጠው ነባሮቹ ሕዝቦች ተገፍተው ከለቀቁ በኋላ ነው። ከፍተኛውን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ሚኒሶታ ገብተው ስንዴ ዘሩ፤ አንበጣ በላው። አባትየው ለቀን ሥራ አዝመራ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ በእግሩ ሄደ፤ ካሮላይን ልጆቿን ይዛ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1879 ትልቋ ልጅ ሜሪ የዓይን ብርሃኗን አጣች። በዚያው ዓመት ቻርልስ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተቀጥሮ ቤተሰቡ ዳኮታ ገባ፤ በ1880 የ160 ኤከሩን መሬት አስመዘገበ። በዚያ ዓመት የገባው ክረምት ከባድ ነበር። በረዶው ባቡሩን ለወራት አስቆመው። ቤተሰቡ ስንዴ በቡና መፍጫ እየፈጨ፣ ማገዶ ሲያጣ ድርቆሽ እየገመደ እያነደደ ከረመ። ላውራ ገና በወጣትነቷ አስተማሪ ሆነች፤ ልብስ እየሰፋችም ገንዘብ ታመጣ ነበር። ገቢዋ ሜሪ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንድትማር አገዘ። የመሬቱ ባለቤትነት የተረጋገጠው በ1886 ነው። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ከተማ ገቡ።

እንግዲህ መዝገቡን እንክፈተው። የተጻፈው 18 ዶላር ነው። ጋሪው፣ ማረሻው፣ ዘሩ፣ የጠፋው አዝመራ አልተጻፈም። እርሻውን ያቆየው የአባትየው ደመወዝ፣ የካሮላይን ድካምና የላውራ ገቢም የሉበትም።

እኛስ? ከሁለት ዓመት በፊት የባልትና መሥሪያ ሼድ በነፃ ስናገኝ እልል ብለናል። እኛም የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች «ኪራይ» ከሚለው ፊት ዜሮ ጽፈን ደስ አለን። የመብራት ቆጣሪ ማስገቢያውን፣ የውሃውን፣ የባጃጁን፣ የጥበቃውን አስቀድመን አላሰላንም። በዓመቱ መጨረሻ የሁላችንም የስምንት ወር ቁጠባ አለቀ። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ዜሮዋን የጻፍነው እኛ ነን።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨን ሌላ ነገር አለ። አንዷ እህታችን ትእዛዝ ሲበዛባት ልጇን ከትምህርት ቤት እያስቀረች በርበሬ ስታስቀነጥስ ከርማለች። ይህን ያወቅነው የልጅቷ ውጤት ከወረደ በኋላ ነው። ያንን ወር «ጥሩ ትርፍ» ብለን ሪፖርት አድርገን ነበር። ትርፉ የልጅቷ ትምህርት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ከከተማው ዳር ሁለተኛ ቦታ ያለ ኪራይ ልንወስድ ድምፅ ልንሰጥ ነው። አንውሰድ አንልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብን ግን በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎች አስፍረናል። ሥራው ሳይጀመር ምን ይወጣል? በየወሩስ? የማን ጉልበት፣ ስንት ሰዓት ይገባበታል? ውሉ በማን ስም ይጻፋል? ሦስተኛውን በተለይ አደራ እንላለን። የእያንዳንዷ አባል ሰዓት በስሟ ይመዝገብ፤ ትርፍ የሚባለው እሱ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ይሁን። የልጆች ሰዓት ከነጭራሹ አይግባ።

ላውራ አግብታ ሚዙሪ ከገባች በኋላ ለአሥር ዓመት ገደማ የገበሬዎች ብድር ማኅበር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበረች። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ65 ዓመቷ ነው። በእሷ ወንበር ላይ ያለን እኛም ከዚህ በኋላ መዝገቡን ሙሉ አድርገን ለመያዝ ቃል እንገባለን።

ወረቀቱን ጎን ለጎን ሆናችሁ ሙሉት። ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶች እኛ እየዞርን እናነባለን። ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።