መብትና ነፃነት ምን ማለት ነው?
ለሠፈራችን ተማሪ ልጆች የተደረገ ንግግር

(ይህ ንግግር በማኅበሩ ስም በጸሐፊው የተነገረ ነው። በዕለቱ ሥራ ይዟቸው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)




ኳሳችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ስለገባችሁ በተለይ እናንተን ልጆችን እናመሰግናለን። የዛሬው ጉዳያችን ሕገ መንግሥታችን ስለ ሰው መብትና ነፃነት ምን እንደሚል፣ ከዚያም ውስጥ እናንተን የሚመለከተውን ክፍል፣ በሚገባን ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ይህ ስብሰባ ሲታሰብ ከአንዳንድ ወላጆች አንድ ሥጋት ቀርቦልን ነበር። «ልጆቹን መብት መብት ካላችኋቸው ነገ ውኃ አምጡ ስንላቸው መብታችን ነው አናመጣም ይሉናል» የሚል ነው። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። የእኛ መልስ ግን፣ የሚያስቸግረው መብትን በስማ በለው የሰማ ልጅ ነው የሚል ነው። ከነወሰኑ የተማረው ልጅ የራሱ መብት የት ላይ እንደሚያበቃና የጓደኛው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ውኃ ማምጣትን ደግሞ የከለከለ ሕግ የለም፤ ልጆች ይህን ልብ በሉልን።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነው ሕግ ነው። ሌላ ሕግም ሆነ ልማድ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከእሱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም። ይህን የሚለው አንቀጽ 9 ነው። ይኸው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት ያለበት መንግሥት ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ዜጋ ጭምር መሆኑን ይናገራል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አገራችን ከዚህ በፊትም የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነበራት። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ተብሎ ነበር የወጣው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ1979 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ሌላ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ጸደቀ። አሁን የምንተዳደርበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። 106 አንቀጾች ሲኖሩት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉት፣ ማለትም ምዕራፍ ሦስት፣ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች የሚናገሩ ናቸው። አንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብት ከሰው ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ይላል። እንግዲህ ንጉሥ የሰጠው፣ ሹም የሚነሳው ስጦታ አይደለም ማለት ነው። ሰው ሆኖ የተወለደ ሁሉ ይዞት ይወለዳል።

የመጨረሻው አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ ከ6ኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች እንኳ ቀስ ብለን፣ ጣታችንን እያስከተልን፣ አንብበን ልንረዳው እንችላለን። «ይኼ የተማረ ሰው ነገር ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ሕግን ማክበርስ ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አያቶቻችን መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ ይመልስ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ጠባቂ ሳያስፈልጋቸው፣ ዳኛ ፊት ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ተረት የእነሱ ነው። በቅሎዋን ዳኛ ፈርዶ ቢወስዳት ይችለዋል፤ ያለ ፍርድ የተወሰደች ቁራሽ ግን ታንገበግበዋለች። የሕገ መንግሥቱም ፍሬ ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ልጆቹ እንምጣ።

አንደኛ፣ እኩልነት። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። በብሔር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት፣ በትውልድ ልዩነት አይደረግም። ይህ በሠፈራችን ሲታይ ምን ይመስላል? ኳስ ሜዳ ላይ «የእሱ አማርኛ ይሰባበራል፣ አናጫውተውም» አይባልም። እናትና አባትም ወንዱን «አጥና» ብለው መብራት ሥር አስቀምጠው ሴቷን ሌሊቱን ሙሉ ከምጣድ ጋር ካዋሏት፣ በነጋታው እኩል ፈተና ላይ ቢቀመጡም እኩል አልተቀመጡም።

ሁለተኛ፣ ሐሳብን መግለጽ። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን የመያዝና የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ «መምህር፣ እኔ በዚህ አልስማማም» ማለት ድፍረት አይደለም። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ወሰን አለው፤ የሰው ክብርና መልካም ስም እንዲጠበቅ ሕግ ገደብ ሊያወጣ ይችላል ይላል። አንቀጽ 24 ክብርን፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃሉ። ዛሬ በየእጃችሁ ስልክ አለ። የክፍል ጓደኛችሁን ሳታውቅ ፎቶ አንስቶ፣ ስድብ ጽፎበት፣ በቴሌግራም መበተን ሐሳብን መግለጽ አይባልም። የሰውን ክብር መግፈፍ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። በዚህ የተነሳ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ የራሷንም የመማር ዕድል አጣች ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ድብደባ። አንቀጽ 36 የሕፃናት አንቀጽ ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ሕፃን አካሉን ከሚጎዳ ወይም ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ ነው ይላል። እንግዲህ አርጩሜውም፣ ጠጠር ላይ ማንበርከኩም በዚህ ይመታል። ይህ ከደረሰባችሁ ለመምህሩ አትሳደቡ፤ ሸሽታችሁም ሜዳ አትዋሉ። በዚያው ቀን ለወላጅ ንገሩ። ወላጅ ከርእሰ መምህሩ ጋር ይነጋገር፤ ካልሆነ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያመልክት። መምህሩም ሰው ነው፣ ክብር አለው፤ የሚጠየቀው በሥርዓት ነው።

አራተኛ፣ መያዝ። ይህ ለትልልቆቹ ነው፤ ትንንሾቹም ቢሰሙት አይጎዳም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል ይላል። ዝም የማለት መብት አለው። ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር፣ አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከቤተ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራሉ። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ መሮጥም መሳደብም መብት አይደለም። ስማችሁን ተናገሩ፣ «ለምንድን ነው?» ብላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ፣ ለቤተ ሰብ እንዲነገር አመልክቱ።

አምስተኛውና ዛሬ በብርቱ ልንነጋገርበት የፈለግነው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላልተገኙ ልጆች ነው።

ልጆች፣ ዞር ብላችሁ ተያዩ። በየግቢያችሁ የምታውቋት፣ ዕድሜዋ ከእናንተ ዕድሜ የማይበልጥ፣ እዚህ ግን ያልመጣች ልጅ የለችም? ከገጠር «እናስተምራታለን» ተብላ የመጣች፣ አሁን ሕፃን አዝላ፣ ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ፣ እናንተን ትምህርት ቤት በር ድረስ ሸኝታ የምትመለስ። እኛ ሠፈር ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እኛም ሠፈር አለ። የእናንተን ቦርሳ ተሸክማ የትምህርት ቤቱን በር የምታውቅ፣ ውስጡን ግን የማታውቅ ልጅ አለች።

አንቀጽ 36 ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቃል። አንቀጽ 18 ማንንም በግዴታ ማሠራትን ይከለክላል። አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ኢትዮጵያዊ ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይናገራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከዚሁ አንዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። «ይኼ አዋጅ እኮ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ለሌላ ደንብ ትቶታል። ሕገ መንግሥቱ ግን የፋብሪካ ልጅ፣ የቤት ልጅ ብሎ አልለየም። «ሕፃን» ብቻ ነው ያለው። ቀደም ሲል ያዙልን ያልነውም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታ የእያንዳንዱ ዜጋ ነው። ባለሥልጣን አጠፋ ብለን ጣት ስንቀስር፣ የገዛ በራችንን ዘግተን በውስጡ ይህን ብናደርግ፣ ሕጉ ከበራችን ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

«ከገጠር አውጥተን፣ አብልተን፣ አልብሰን እንደ ልጃችን ነው የያዝናት» ይባላል። በጎ ልብ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ አንክድም። እንግዲያው እንደ ልጅ ከተያዘች እንደ ልጅ ትማር። ሙሉ ቀን ባይሆን ግማሽ ቀን፣ ካልሆነ የማታ። እንግዳ ስትመጣ የምትመዘገብበትን ጣጣ፣ ደብተሩንና ዩኒፎርሙን በተመለከተ ማኅበሩ አብሮ ይሯሯጣል። የዋጋው ነገር ያስቸገረው ቤተ ሰብ ካለ በግል መጥቶ ያነጋግረን፤ ስም አናወጣም።

ከልጆቹ መካከል አንዱ «ሕጉ ይኼን ሁሉ ካለ ለምን ይጣሳል?» ብሎ እንደሚጠይቀን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መብቶች በሙሉ በማንኛውም ጊዜ ሳይነኩ አይኖሩም። በአንቀጽ 93 መሠረት የውጭ ወረራ፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን የሚያሰጋ አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይታወጃል፤ ያን ጊዜ አንዳንድ መብቶች ለጊዜው ይገደባሉ። በአገራችን በ2009፣ በ2010፣ በኮሮና ምክንያት በ2012፣ ከዚያም በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ታውጆ አይተናል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜም እንኳ የማይነኩ አሉ። ጭካኔና ግዳጅን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነቱ አንቀጽ 25 ከነዚህ መካከል ናቸው። ከዚህ ውጭ የሚፈጸመው መጣስ ግን ሕግ ስለሌለ የመጣ አይደለም። አጥፊው ጠያቂ እንደሌለው ስለሚያውቅ፣ የተበደለው ደግሞ መብቱን ስለማያውቅ ወይም ብቻውን ስለሆነ ነው። ለዚህም ነው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው። አንድ ልጅ ብቻውን ሲጠይቅ ዝም በል ይባላል፤ ወላጅ፣ ጎረቤትና ማኅበር አብረውት ሲቆሙ ግን መልስ ይገኛል። በደል ደርሶበት ሰሚ ላጣ ሰውም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋሙት ለዚሁ ነው፤ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው።

በመጨረሻም ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳስባል።

ልጆች፦ የሕገ መንግሥቱ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አለ። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለውን በቡድን ሆናችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጻፉልን፤ የሕግ ዕውቀት ያላቸውን የሠፈራችንን ሰዎች ጠይቀን መልሱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። በግቢያችሁ የማትማር ልጅ ካለች ደግሞ በእሷ ላይ መሳቅና «ሠራተኛ» እያሉ መጥራት ይቁም። ስም አላት፤ በስሟ ጥሯት። ፊደል የምታውቁ፣ ማታ ማታ ሀ ሁ ብታስቆጥሯት ነውር የለውም።

ወላጆች፦ የትምህርት ምዝገባ ሳያልፍ፣ በየቤታችሁ ያለ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁሉ፣ የወለዳችሁትም ያልወለዳችሁትም፣ ስሙን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ። ሁሉንም በአንድ መዝገብ ጽፈን በአንድ ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ እንወስዳለን። በመዝገቡ ላይ «ልጅ» እና «ሠራተኛ» የሚል ዓምድ የለም፤ ስም፣ ዕድሜና ክፍል ብቻ ነው የሚጻፈው።

ልጆች፣ ኳሳችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ወንበሮቹን ግን መልሳችሁ ደርድሩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት