ከጉልበቱ በፊት ልጓሙ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አሮጌ ቮልስዋገን ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህስ የጋራዥ ወሬ ነው» ትሉ ይሆናል። እኛ ግን በክፍል የተማርነው የፍጥነትና የክብደት ሕግ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ሰው የሚያድንበት ወይም የሚገድልበት ቦታ ይህ ነው ብለን ስለምናምን እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ መመረቷ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ቢያበቃም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ገና ትታያለች። ባለቤቶቿ ይወዷታል፤ ዳገት ላይ ግን ትለግማለች። ባለ 1200ው ሞተር በፋብሪካ ሲለካ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ባለቤቱ 50 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ 1600 ሞተር ፈልጎ ያስገጥማል። ከዚያም የሚበልጥ የሚመኝ አለ።

ይህን አንቃወምም። የምንቃወመው ሞተሩ ተለውጦ ፍሬኑ፣ ሞላውና መሪው እንደ ነበሩ መቅረታቸውን ነው። ስስ አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ የመኪናዪቱን ክብደት አይቀንስም። ይህችው መኪና ወደ አዳማ ስትወርድ ደግሞ አየሩ እየወፈረ ይሄዳል፤ ሞተሩም ካጣው ጉልበት ከፊሉን መልሶ ያገኛል። ፍሬኑ ግን ምንም አይጨምርም።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ሰው የጫነች ቮልስ 1000 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። በባለ 1200ው ሞተር ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ፍጥነት እስክትቆም ድረስ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል 510 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ጠንካራ ሞተር ተገጥሞላት 160 ብትደርስ ፍጥነቷ የሚጨምረው 39 ከመቶ ነው፤ ኃይሉ ግን 990 ኪሎ ጁል ይጠጋል፤ ይኸውም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። 1000 ሜትር ብቻ ብንይዝ እንኳ 9800 ኪሎ ጁል ነው፤ ይህም ከ115 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 19 ጊዜ እንደ መቆም ይቆጠራል። ከፊሉን ነፋሱና በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተር ይወስዱታል፤ የቀረው በፍሬኑ ታምቡር ላይ ያርፋል። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውሃ ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ልኩ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናዪቱ ግን አትቆምም።

«ፋብሪካው የሠራው ይበቃል» ለሚሉን፣ ፋብሪካውን ራሱን ምስክር እንጠራለን። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣችው ባለ 1500 ቮልስ 44 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ከ1200ዋ የምትበልጠው በ10 ብቻ ነው። ሆኖም ፋብሪካው በአውሮፓ ለምትሸጠው የፊት ዲስክ ፍሬን አደረገላት፤ የኋላ ጎማዎቿን አራራቀ፤ በኋላ በኩልም ሚዛን የሚጠብቅ ተጨማሪ ብረት ገጠመ።

ይህ የኋላው ነገር ለምን አስፈለገ? በቀድሞዎቹ ቮልሶች እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ነጂው በፍጥነት ሲታጠፍ ደንግጦ ነዳጁን ቢለቅ የመኪናዪቱ ጀርባ ይነሣል፤ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጀርባዋም ይሸሻል። የዚህ ዓይነት አሠራር በአሜሪካው ሼቭሮሌት ኮርቬር ላይ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ራልፍ ኔደርም እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚሁ ሰጥቷል። ጉልበት ሲጨምር መታጠፊያው ላይ በፍጥነት መድረስም ይጨምራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት የሥራው ተራ እንዲህ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ ያረጀው ሁሉ ይመርመር። የፍሬን ጎማ ቧንቧ፣ የመሪው ቴስቲናና ኩሽኔታዎቹ ካለቁ አዲስ ዕቃ በላያቸው መጨመር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ ፍሬኑ። ከፊት ዲስክ ይግባ፤ የፍሬን ፓምፑም ሁለት መስመር ያለው ይሁን፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ሁለት ጎማ ይይዛልና። ለታምቡር የተሠራው ፓምፕ በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ስላለው፣ ለዲስክ ቢውል ፍሬኑን ሳይረግጡት ያስይዘዋል፤ ስለዚህ ለዲስክ የሚስማማው ይመረጥ።

ሦስተኛ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር። የሚቻል ከሆነ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያወጣው፣ በሁለት ቦታ የሚታጠፈው የኋላ አክስል ይግባ፤ ካልተቻለም ሚዛን ጠባቂው ብረት አይቅር።

አራተኛ፣ መሪው። ልቅነቱ ይወገድ፤ የጎማዎቹም አቅጣጫ ይለካ። ጎማ ማስፋት ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ መሪውን ያከብደዋል፤ ያረጀውንም መጋጠሚያ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሞተሩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአምስተኛ ነው።

«እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚል ባለቤት አይጠፋም። እናምነዋለን። ነገር ግን መኪና ትሸጣለች፤ ትወረሳለች፤ ለወንድም ትዋሳለች። የሚቀጥለው ነጂ የሚያውቀው ነዳጁን ሲረግጥ እንደምትፈተለክ ብቻ ነው። በእግረኛ መሻገሪያ ላይ የቆመችው እናትም ባለቤቱ የገባውን ቃል አልሰማችም።

አባቶቻችን ኃይለኛ ፈረስ ሲገዙ ልጓሙንና እርካቡን አስቀድመው ይመለከቱ ነበር። ፈረሱን ስለ ጠሉት አይደለም፤ ሊጋልቡት ስለ ፈለጉ ነው። ስለዚህ እኛም ሙያውን የምንማር ሁሉ ሞተር እንድንለውጥ ስንጠየቅ አስቀድመን «ፍሬኑስ?» ብለን እንጠይቅ። ባለቤቱ ለሞተሩ እንጂ ለፍሬኑ አልከፍልም ቢል፣ መፍቻውን አስቀምጠን እንመለስ። ገንዘቡ ይቅርብን፤ በእጃችን የተሠራ ሥራ ግን ሰው አይግደል።